የክረምት ሻይ፦ ጤናው ከቅመሙ ነው ወይስ ከፈላው ውሃ?

ክረምት ሲገባ በደጋው አገር ከተሞች ብዙው ንግድ ይቀዘቅዛል። ጨርቅ ሻጩ መደብሩን ከፍቶ ዝናቡን ሲመለከት ይውላል፤ ግንበኛው ሥራው በጭቃ ተይዞ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በዚህ ወራት ደጁ ሰው የማያጣ ቢኖር የሰፈር ሻይ ቤት ነው። በራዱ ከምድጃው አይወርድም፤ የቅርንፉድና የቀረፋ ሽታ ከጭሱ ጋራ ተቀላቅሎ መንገደኛውን ከሩቅ ይጠራዋል፤ ልብሱ የራሰበት ሁሉ ከጣሪያው ሥር ገብቶ፥ ትኩሱን ብርጭቆ በሁለት እጁ ይዞ ይቀመጣል።

ባለ ሻይ ቤቱም ይህን ወራት በከንቱ አያሳልፈውም። ከደጁ ላይ ወረቀት ይለጥፋል። አንዱ ዝንጅብል ያለበት ሻይ ለጉንፋን ፍቱን መድኃኒት ነው ይላል፤ ሌላው ጦስኝ ለደም ብዛት ይበጃል ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሦስት ብርጭቆ ገዝቶ የከፈለ ደንበኛ አራተኛውን በነጻ ይጠጣል ብሎ ያስታውቃል። የዋጋውን ማስታወቂያ ለመመርመር ቀላል ነው፤ ደንበኛው ብርጭቆውን ቈጥሮ እውነቱን ወዲያው ያውቃል። የጤናው ማስታወቂያ ግን እንደዚህ አይደለም። ጠጪው ቢድን ሻዩ አዳነው ይባላል፤ ባይድን ግን ተመልሶ ሻይ ቤቱን የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ የክረምት ሻይ በእውነት የሚሰጠው ጥቅም የቱ እንደ ሆነ፥ የማይሰጠውም የቱ እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ለነጋዴውም፥ ለሹሙም፥ ለጠጪውም የሚጠቅም ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብርዱና ገበያው

ክረምት የሚለው ቃል በሁሉ ቦታ አንድ ወራት አያመለክትም። በአዲስ አበባና በአስመራ ዋናው ዝናብ የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። በምጽዋ ጠረፍ ግን ዝናብ የሚገኘው ደጋው በጋ በሚሆንበት፥ ከኅዳር እስከ የካቲት ገደማ ባሉት ወራት ነው። በደጋውም ቢሆን ብርዱ ሁለት ዓይነት ነው። የሐምሌና የነሐሴ ብርድ የቀን ብርድ ነው፤ ፀሐይ በደመና ተሸፍና ስለምትውል ሰው ቀኑን ሙሉ ሙቀት ይናፍቃል። የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ደግሞ የሌሊትና የማለዳ ብርድ ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር የመሬቱ ሙቀት ወደ ላይ ያመልጣልና ውርጭ ይጥላል። ስለዚህ የደጋ ሻይ ቤት በዓመት ሁለት የብርድ ገበያ አለው። በሐምሌ ደንበኛው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይጠጣል፤ በታኅሣሥ ግን ማልዶ መጥቶ፥ ፈጥኖ ጠጥቶ፥ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሥራው ይበተናል።

ይሁን እንጂ የክረምት ገበያ ሁሉ ትርፍ ነው ማለት አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤቶች ስለሚዘጉ በአጠገባቸው ያለው ሻይ ቤት አስተማሪዎቹንና ተማሪዎቹን ያጣል። የቀን ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ቢቀመጥም ሥራ ስለ ፈታ በኪሱ ያለው ጥቂት ነው። ከነሐሴ 1 ቀን እስከ 15 ቀን ጾመ ፍልሰታ ስለሚሆን ወተት ያለበት ሻይ በብዙ ቤት ይቀራል፤ አጥብቆ የሚጾመውም እስከ ጾሙ ሰዓት ድረስ አይመጣም። ከሰሉ ረጥቦ ይጨሳል፤ ደረቁም ይወደዳል። ባለ ሻይ ቤቱ እንግዲህ ሰው እያለው ገንዘብ የሚያጥርበት ጊዜ አለ።

ለዚህ ችግር የሰፈር ነጋዴ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቃቸው ሁለት መላዎች አሉ። አንደኛው ምርቃት ነው። ምርቃት በአማርኛ ቡራኬም ነው፥ ሻጭ ከልኩ በላይ የሚጨምረውም ነው። ሴቲቱ ጉልት ላይ በርበሬውን ሰፍራ እፍኝ እንደምትጨምር ሁሉ፥ ባለ ሻይ ቤቱም ከብርጭቆው ጋራ ቁራሽ ዳቦ ቢጨምር ወይም የጎደለውን ብርጭቆ ዳግመኛ ቢሞላ ደንበኛው ነገም ይመለሳል። ሁለተኛው ዱቤ ነው። የቀን ሠራተኛው በሐምሌ የጠጣውን በመስከረም ሥራ ሲከፈት ይከፍላል፤ ባለ ሻይ ቤቱም ስሙን በደብተር ጽፎ ያቆያል። ዱቤ በጥንቃቄ ካልተያዘ ቤት ይዘጋል፤ በጥንቃቄ የተያዘ እንደ ሆነ ግን በክረምት የተሰጠች አንዲት ብርጭቆ የዓመት ደንበኛ ታመጣለች። እነዚህ ሁለቱ የሚመዘኑ፥ የሚቈጠሩ፥ እውነትነታቸው የሚታወቅ ስጦታዎች ናቸው።

ሦስተኛው መላ ግን የጤና ተስፋ መስጠት ነው። ይህ ከሁለቱ ይልቅ ርካሽ ነው፤ ወረቀትና ቀለም ብቻ ይጠይቃል። ስለዚህም ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ይኸኛው ነው።

የሻይ ማስታወቂያ ከጥንት

ሻይን በመድኃኒትነቱ አሞግሶ መሸጥ የዛሬ ሰው የፈጠረው ብልኀት አይደለም። በ1660 ቶማስ ጋራዌይ የሚባል ነጋዴ በለንደን ከተማ፥ በነጋዴዎች መገናኛ አዳራሽ አጠገብ ቡና ቤት ነበረው። ይህ ሰው አንድ ወረቀት አሳትሞ ስለ ሻይ ቅጠል አበቃቀልና ጥቅም ለሕዝብ አስታወቀ። በወረቀቱም ላይ ሻይ ለራስ ምታት፥ ለኩላሊት ጠጠር፥ ለሆድ ቁርጠት፥ ለእንቅልፍ ብዛት፥ ለማስታወስ ችሎታ መድከምና ለሌላም ብዙ ሕመም እንደሚበጅ ዘረዘረ። ከዚያም ወደ ዋጋው ተሻግሮ፥ ቀድሞ አንድ ፓውንድ የሚመዝን ቅጠል ከ6 እስከ 10 ፓውንድ ስተርሊንግ ይሸጥ እንደ ነበረ፥ እርሱ ግን ከ16 እስከ 50 ሽልንግ እንደሚሸጥ ገለጸ። በዚያ ዘመን አንድ ፓውንድ ስተርሊንግ 20 ሽልንግ ስለ ነበረ ቅናሹ ቀላል አልነበረም። ዛሬ ከሰፈር ሻይ ቤት ደጅ የሚለጠፈው ወረቀት ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ጤናና ቅናሽ በአንድ ገጽ ተጽፈዋል።

ከጋራዌይ ብዙ ዘመን አስቀድሞ፥ በ8ኛው መቶ ዓመት፥ ሉ ዩ የሚባል የቻይና ሊቅ ስለ ሻይ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ይህ ሰው ከቅጠሉ ሌላ ስለ ውሃው አጥብቆ ተናግሯል፤ የተራራ ምንጭን ከሁሉ አስበልጦ፥ የወንዝን ሁለተኛ፥ የጉድጓድን ሦስተኛ አድርጎ መድቧል፤ ውሃው የሚፈላበትንም ደረጃ በሦስት ከፍሎ ገልጿል። ስሙም ከዚያው አገር የመጣ ነው። ቻ የሚለው የቻይና ቃል በፋርስ በኩል ቻይ፥ በአማርኛ ሻይ ሆነ፤ ከዐረቡ አገር በቀይ ባሕር በኩል የተሻገረው ደግሞ ሻሂ ተባለ። ዛሬ ቅጠሉ በአገር ቤትም ይበቅላል፤ በኢሉባቦር ጉማሮና በከፋ ውሽውሽ ያሉት እርሻዎች የታወቁ ናቸው።

ከታሪኩ ሁሉ ለአስተዳዳሪና ለነጋዴ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን በ1784 በእንግሊዝ የሆነው ነው። በዚያ ጊዜ በሻይ ላይ የተጣለው ቀረጥ 119 በመቶ ደርሶ ስለ ነበረ ኮንትሮባንድ በዝቶ፥ እውነተኛው ነጋዴ ተጎድቶ ነበር። የጠቅላይ ሚኒስትር ዊልያም ፒት መንግሥት ቀረጡን ወደ 12.5 በመቶ ዝቅ አደረገው። ኮንትሮባንዱ ከሰረ፤ በሕጋዊ መንገድ የሚገባው ሻይ እጅግ በዛ፤ ድኻውም እንደ ሀብታሙ ሻይ ጠጪ ሆነ። ፍራንሲስካ አንትማን የተባሉ በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ምሁር በቅርብ ዓመታት የዚያን ዘመን የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት የቀብር መዝገብ መርምረው አንድ ነገር አገኙ። ሻይ በሕዝቡ ዘንድ ከተስፋፋ በኋላ የሞት ቍጥር ይበልጥ የቀነሰው ቀድሞ ውሃቸው መጥፎ በነበረ አጥቢያዎች ነው። በዚያን ጊዜ የበሽታ መንሥኤ ተሕዋስያን መሆናቸውን ማንም አላወቀም ነበር። ሰዎቹ የጠጡት ለጣዕሙ ነው፤ የዳኑት ግን ሻይ ለመጠጣት ውሃ ማፍላት ግድ ስለ ሆነባቸው ነው።

ጋራዌይ በወረቀቱ ላይ ከዘረዘራቸው ጥቅሞች መካከል ይህ ትልቁ ጥቅም አልነበረበትም። የዛሬውም የሻይ ቤት ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ይረሳል።

የፈላ ውሃ ኀይል

ክረምት የውሃ ወለድ በሽታ ወራት ነው። ጎርፉ የመጸዳጃውን ጉድጓድ እያጠበ ከወንዝ፥ ከምንጭና ክዳን ከሌለው ጉድጓድ ጋራ ይቀላቅለዋል። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፥ የአንጀት ተስቦ፥ አሜባና ጃርዲያ የሚስፋፉት በዚህ መንገድ ነው። የኮሌራንም የተስቦንም ተሕዋስያን በሚገባ የፈላ ውሃ ይገድላቸዋል። በዚህ ወራት ከማይታወቅ ቦታ የተቀዳ ውሃ ከሚጠጣ ሰው ይልቅ በሚገባ የፈላ ሻይ የሚጠጣ ሰው የተጠበቀ ነው። የክረምት ሻይ የመጀመሪያው ጥቅም ይህ ነው፤ ለዚህ ጥቅም ዝንጅብልም፥ ማርም፥ ልዩ ቅጠልም አያስፈልግም።

በደጋ አገር ግን አንድ የሚታወቅ ነገር አለ። በባሕር ወለል ላይ ባለችው በምጽዋ ውሃ የሚፈላው ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ ነው። አዲስ አበባና አስመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላቸው፥ በእነርሱ ዘንድ ውሃው 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። አየሩ በከፍታ ስለሚሳሳ ውሃው ሳይግል ይንተከተካልና ነው። ስለዚህ የአሜሪካ የበሽታዎች መቈጣጠሪያ ማዕከል በዝቅተኛ ቦታ ለ1 ደቂቃ፥ ከ2,000 ሜትር ገደማ በላይ በሆነ ቦታ ግን ለ3 ደቂቃ ውሃው እየተንተከተከ እንዲቈይ ይመክራል። ከሰል ለመቈጠብ ሲባል እንፋሎት እንደ ታየ በራዱን ከምድጃ ማውረድ እንግዲህ ተገቢ አይደለም። ከፈላ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ ማብረድም የተሠራውን ሥራ ማፍረስ ነው። ወተት የሚጨመር ከሆነ እርሱም መፍላት አለበት፤ ጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳና የብሩሴላ በሽታ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍበት መንገድ ነውና።

የፈላው ውሃ ጥቅም የሚጠፋበት ሌላ ቦታ አለ፤ እርሱም ሳፋው ነው። በብዙ ሻይ ቤት ብርጭቆ የሚታጠበው በአንድ ሳፋ ውስጥ ነው። ጠዋት የተቀዳው ውሃ እስከ ቀትር ይሠራበታል፤ ከሰል የነካ እጅ ይገባበታል፤ የአንዱ ጠጪ ከንፈር የነካው ብርጭቆ ነከር ተደርጎ ለሌላው ይቀርባል። ደንበኛው ሻዩ ትኩስ ስለ ሆነ በብርጭቆው ያለውን ሁሉ ይገድላል ብሎ ያስባል። ነገር ግን ሻዩ ከቀዝቃዛው ብርጭቆ ሲገናኝ ወዲያው ይበርዳል፤ ብርጭቆው ላፍ ላይ፥ ከንፈር በሚያርፍበት ስፍራ ደግሞ ሻዩ አይደርስም። ሦስት ደቂቃ ሙሉ የፈላው ውሃ በአንድ ቅጽበት ከሳፋው እድፍ ጋራ ይቀላቀላል ማለት ነው።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንዱ ሳፋ ለሳሙና፥ ሁለተኛው ለማለቅለቂያ ይሁን፤ የማለቅለቂያው ውሃ ቶሎ ቶሎ ይለወጥ። የታጠበው ብርጭቆ ከበራዱ በሚቀዳ የፈላ ውሃ ይጥለቅለቅ፤ ከዚያም ባደፈ ጨርቅ ሳይወለወል ንጹሕ መደርደሪያ ላይ ተደፍቶ ይድረቅ። የሻይ ቤት ሀብቱ የፈላ ውሃ ነውና፥ ከሌላ ነጋዴ ይልቅ ይህን ማድረግ ለባለ ሻይ ቤት ይቀለዋል።

ቅመሙ ምን ይሠራል?

የቅመም ሻይ ምንም አይረባም ማለት ግን ስሕተት ነው። በ2008 በዌልስ አገር በካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ የጉንፋን ምርምር ማዕከል በ30 ጉንፋን የያዛቸው ሰዎች ላይ አንድ ሙከራ ተደርጎ ነበር። አንድ ዓይነት የፍራፍሬ መጠጥ ለአንዳንዶቹ ትኩሱ፥ ለሌሎቹ ደግሞ በክፍሉ ሙቀት ልክ ያለው ተሰጣቸው። ሁለቱም ለንፍጥ፥ ለሳልና ለማስነጠስ እፎይታ ሰጡ፤ ትኩሱ ግን ከዚህ ሌላ የጉሮሮን ሕመም፥ ብርድ ብርድ ማለትንና ድካምን አቀለለ። ሰዎቹ እፎይ አሉ እንጂ ጉንፋኑ ከሰውነታቸው አልወጣም። ጉንፋን የሚያመጡት ቫይረሶች በሻይ አይሞቱም፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ገደማ በራሳቸው ይለቃሉ። እፎይታ ትልቅ ነገር ነው፤ ፈውስ ግን ሌላ ነገር ነው። በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቃል ይህን ልዩነት መጠበቅ አለበት።

የየቅመሙም ነገር እንደዚሁ ነው። ዝንጅብል ለማቅለሽለሽ እንደሚረዳ በምርምር ተደግፏል። ማር የልጆችን የሌሊት ሳል ያቀላል፤ ነገር ግን ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ በማር ውስጥ አልፎ አልፎ የሚገኝ ተሕዋስ በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ አፍርቶ ጡንቻን ሊያሰንፍ ይችላልና። ሎሚ ቪታሚን ሲ አለው፤ ይህ ቪታሚን ግን አብዛኛውን ሰው በጉንፋን ከመያዝ እንደማይከለክለው ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል፤ አዘውትሮ ለሚወስደው ሰው የሕመሙን ጊዜ በጥቂቱ ያሳጥር ይሆናል። ቅርንፉድና ቀረፋ መዓዛና ጣዕም ይሰጣሉ፤ ለዚህም መወደዳቸው በቂ ምክንያት ነው። ጦስኝ የጠጣ ሰው ደስ ይለው ይሆናል፤ የደም ብዛት መድኃኒቱን አቁሞ በጦስኝ የሚተካ ግን ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል፤ የደም ብዛት ሳያሳምም ቈይቶ ልብንና አንጎልን የሚመታ በሽታ ነውና።

እንዲህ ያለው ተስፋ በገበያም በጤናም ላይ ምን እንደሚያመጣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ ዓመት መጋቢት 4 ቀን በአገሩ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ሲነገር፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ሎሚና ዝንጅብል በሽታውን ይከላከላሉ የሚል ወሬ ተሰራጨ፤ የሎሚውና የነጭ ሽንኩርቱ ዋጋም በድንገት ናረ። የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት በሽታውን ለመከላከሉ ማስረጃ እንደሌለ አስታወቀ፤ መንግሥትም ያለ ምክንያት ዋጋ በጨመሩ ነጋዴዎች ላይ እርምጃ ወሰደ። በዚያ ሰሞን ገንዘቡን በሎሚ የጨረሰ ድኻ ሳሙና የሚገዛበትን አጥቶ ይሆናል።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ሳል የያዘው ሰው በየቀኑ ዝንጅብል ሻይ እየጠጣ፥ ዛሬ ይሻለኛል ነገ ይሻለኛል እያለ ወራት ቢያሳልፍ፥ ሳሉ የሳንባ ነቀርሳ የሆነ እንደ ሆነ በእርሱ ብቻ አይቆምም፤ በሻይ ቤቱ አጠገቡ የተቀመጠውን ሁሉ ያሰጋል። ሐኪሞች ሳል ሁለት ሳምንት ከቈየ መመርመር እንደሚገባ የሚያሳስቡት ስለዚህ ነው። ሳንባ ነቀርሳ በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል። ለጉንፋን ፍቱን የሚለው ወረቀት አንድን ሰው ከሐኪም ዘንድ ካስቀረው፥ የአንዲት ብርጭቆ ትርፍ እጅግ ውድ ዋጋ ተከፈለባት ማለት ነው።

ሻይ የሚጎዳበት ጊዜ

ሻይ ሲጠጣ ሰዓቱም ይታሰባል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ጣኒን ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክለዋል። ሻይ ከምግብ ጋራ ሲጠጣ ሰውነት ከዚያ ምግብ የሚያገኘው ብረት ከግማሽ በላይ ሊቀንስ እንደሚችል በሙከራ ታይቷል፤ ሻዩ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ ግን ጉዳቱ ይቀንሳል። በ2016 በኢትዮጵያ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር ከሆኑ ሕፃናት 57 በመቶው፥ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። መንሥኤው ሻይ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን በክረምት ቤት ውስጥ ተሰብስቦ ከምሳና ከእራት ጋራ ሻይ መጠጣት ልማድ በሆነበት ቤት፥ ነፍሰ ጡሯና ሕፃኑ የሚበሉት ምግብ ሳይጠቅማቸው እንዳይቀር ማሰብ ያስፈልጋል። ለሕፃን በወተት ፈንታ ሻይ መስጠትም ሆዱን ይሞላዋል እንጂ አይመግበውም።

ሁለተኛው ጉዳት ስኳር ነው፤ በዚህ ነጥብ ላይ የጤናውና የነጋዴው ሒሳብ ይስማማሉ። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ይመዝናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ የስኳር መጠን ሰው በቀን ከሚያገኘው ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን አዝዞ፥ ወደ 5 በመቶ ዝቅ ቢል ይበልጥ እንደሚሻል መክሯል፤ ይህም ለአዋቂ ሰው 25 ግራም፥ ማለት 6 ማንኪያ ያህል ነው። በዝናብ ቀን ሦስት ብርጭቆ ጠጥቶ በየብርጭቆው ሦስት ማንኪያ የጨመረ ሰው 36 ግራም ወስዷል።

አሁን ወደ ነጋዴው ሒሳብ እንሻገር ቢባል፥ ለአንድ ብርጭቆ 2 ግራም ቅጠል ከበቃ 1 ኪሎ ቅጠል 500 ብርጭቆ ያወጣል። ሦስት ማንኪያ ስኳር ግን 12 ግራም ስለ ሆነ 1 ኪሎ ስኳር 83 ብርጭቆ ብቻ ያወጣል። ለ500 ብርጭቆ ሻይ 1 ኪሎ ቅጠልና 6 ኪሎ ስኳር ይወጣል ማለት ነው። ስኳሩ ወደ ሁለት ማንኪያ ቢወርድ በ500 ብርጭቆ 2 ኪሎ ይተርፋል። ያ የተረፈው ገንዘብ የሳሙናውን፥ የሁለተኛውን ሳፋና ለተጨማሪው መፍላት የሚያስፈልገውን ከሰል ወጪ ለማገዝ ይውላል። ዝንጅብልና ቀረፋ እዚህ ላይ እውነተኛ አገልግሎት አላቸው፤ ጣዕሙ ሲበረታ ስኳሩ ቢያንስም ጠጪው አይከፋምና።

ሦስተኛው ነገር የሙቀቱ ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 ሙቀቱ ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ መጠጥ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሳያመጣ እንደማይቀር ገልጿል። ሻዩ በሚገባ ይፍላ፤ ሲጠጣ ግን ጥቂት ይብረድ። ከዚህም ሌላ ሻይ ንቃት የሚሰጥ ካፌይን ስላለው ለነፍሰ ጡሮች በልክ መሆን አለበት። በ2015 የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለ ሥልጣን ለአዋቂ በቀን 400፥ ለነፍሰ ጡር 200 ሚሊ ግራም ካፌይን እንዳያልፍ ወስኗል፤ አንድ ብርጭቆ ሻይ እንደ ጥንካሬው ከ30 እስከ 50 ሚሊ ግራም ገደማ ይኖረዋል።

ለባለ ሻይ ቤትና ለሹም

የጤና ማስታወቂያን ልክ ማስያዝ በብዙ አገር የመንግሥት ሥራ ሆኗል። የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ባወጣው ደንብ በሳይንስ ያልተረጋገጠ የጤና ጥቅም በምግብና በመጠጥ ላይ እንዳይነገር ከልክሏል። በኢትዮጵያም እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. የታወጀው የማስታወቂያ አዋጅ ቍጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል። ነገር ግን ሹም በየሰፈሩ እየዞረ ወረቀት ቢቀድ ብዙ አያተርፍም። አንዲት ደኻ ሴት ልጆቿን የምታሳድግበትን በራድ በወረቀት ምክንያት ከማሸግ ይልቅ፥ ንጹሕ ውሃ ከደጇ እንዲደርስ ማድረግ፥ የመጸዳጃው ጎርፍ የሚወርድበትን ቦይ ማስጠረግ፥ ብርጭቆ አጠባውን አሳይቶ ማስተማር ይበልጥ ይጠቅማል። ተቈጣጣሪው ወደ ሻይ ቤት ሲገባ አስቀድሞ የሚያየው ሳፋውን ቢሆን፥ ወረቀቱን ከማየት ይልቅ ስለ ሕዝቡ ጤና ብዙ ያውቃል።

ባለ ሻይ ቤቱም ማስታወቂያ አይለጥፍ የሚል የለም። እውነት የሆነውን ይጻፍ፤ እውነቱ በቂ ነውና። ውሃችን ሦስት ደቂቃ ይፈላል፤ ብርጭቋችን በፈላ ውሃ ይለቀለቃል፤ ዝንጅብሉ ትኩስ ነው፤ ስኳሩን ደንበኛው ራሱ ይመጥናል ብሎ ቢጽፍ፥ ይህን ሁሉ ደንበኛው በዓይኑ ሊያየው ይችላል። አራተኛዋን ብርጭቆ በምርቃት ቢሰጥም መልካም ነው። ሳሉ የሰነበተበትን ደንበኛ ደግሞ፥ ወንድሜ ይህ ሻይ ደረትህን ያሞቀዋል፥ ነገ ግን ሐኪም ይይህ ቢለው፥ ለጊዜው የአንዲት ብርጭቆ ሽያጭ ያጣ ይመስለዋል፤ ሰውዬው ሲድን ግን በዚያው ሰፈር ያለ ሌላ ሻይ ቤት አይጠጣም።

ዝናቡ በመስከረም ያቆማል፤ የቀን ሠራተኛው ወደ ሥራው፥ ተማሪው ወደ ትምህርቱ ይመለሳል፤ የዱቤውም ደብተር ይታያል። በዚያ ጊዜ የባለ ሻይ ቤቱ እውነተኛ ትርፍ የሚቈጠረው ክረምቱን በጤና ወጥተው ሒሳባቸውን ሊከፍሉ በሚመጡት ደንበኞች ነው።